የተገዘተችው መኪና

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ አገርነሽን የማያውቅ ሰው ቢኖር መኪናዋን ያውቃታል። መኪናዋንም የማያውቅ ከሆነ ገና ዛሬ ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ነው። ረጅም ናት፣ እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን ናት፣ ከኋላዋ ግራና ቀኝ ተፋጣጭ አግዳሚ አላት፤ በጎኗ በኩል ደግሞ ውሃ ውስጥ ስትገባ የምትተነፍስበት ቱቦ ወደ ላይ ተተክሎላታል። ሃርድ ቶፕ የሚሏት ዓይነት። በሯ ላይ የድሮ ባለቤቷ የእርዳታ ድርጅት ስም ተለጥፎ ነበር። ተላጠ እንጂ አልጠፋም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት የፊደሎቹ ጥላ እስከ ዛሬ ይታያል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ስም ለማውጣት ብዙ አልተጨነቀም፤ «ድርጅቱ» አላት። «ድርጅቱ ነገ ሥራ አላት ወይ?» እየተባለ ይጠየቃል።

ሥራ መቼ ጠፍቷት። አገርነሽ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ናት። ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት የራሷንና የጎረቤት ልጆችን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ስንት እንደሆኑ ቆጥራ አታውቅም፣ አግዳሚው ሲሞላ በሩ ይዘጋል፣ በቃ። ማታ ሽንኩርት፣ ከሰል፣ የዶሮ መኖ፣ የዕድር ድንኳን፣ የታመመ ሰው ትጭናለች። ሙሽራና የቅርጫ ሥጋ በአንድ ቀን የጫነችበት ጊዜም አለ፤ ሙሽራዋ በኋላ ሰምታ አልወደደችውም።

ለከተማ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ መከራ ናት። ባጃጅና ብስክሌት በሚተራመሱበት የገበያ መታጠፊያ ለመዞር ሦስቴ ወደ ኋላ ማለት አለባት፤ ያን ጊዜ የባጃጅ ሾፌሮች የሚናገሩትን እዚህ መጻፍ ነውር ነው። ማቆሚያ ቦታ ስታገኝ የሁለት መኪና ቦታ ትበላለች። ደረጃዋ ከፍ ስለሚል አሮጊቶች እንዲወጡባት ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ በርጩማ አይጠፋም። የናፍጣ ሰልፍ ላይማ የአገርነሽ ባል ምናሴ የግማሽ ሴሚስተር ፈተና አርሞ ይጨርሳል።

ምናሴ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የኮሌጅ የሒሳብ መምህር ነው። «አገሬ፣» ይላታል፣ «ይቺ የምትጠጣውን እኛ ብንጠጣው ኖሮ ድሮ ተቀብረን ነበር።» የሚመኛት አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና አለች፤ ማታ እንደ ስልክ ግድግዳ ላይ የምትሰካ፣ ድምፅ የሌላት፣ ንጹሕ። አገርነሽ ግን ቀኑን ሙሉ የሽመና ማሽን ሲጮህባት የምትውል ሴት ናት።

«ድምፅ የሌለው ነገር መሥራቱን በምን አውቃለሁ?» ትለዋለች።

ሃርድ ቶፗን የመረጠችውም እሷ ናት። ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ባሕር ዳር የነበረውን ጽሕፈት ቤት ሲዘጋ መኪኖቹን በጨረታ አወጣ። ምናሴ የሄደው ትንሿን አውቶሞቢል ዓይቶ ነበር። አገርነሽ በአንዲቱ ሃርድ ቶፕ ዙሪያ ዞረች፤ የፊት ፓራውልቷ ላይ ያለውን ስርጉድ በመዳፏ ዳበሰችና፣ «ይቺ ናት» አለች።

«ይቺ ምን?»

«ይቺ ያልሠራችው ሥራ አለባት። ሌላ ሰው ከሚወስዳት እኔ ልውሰዳትና ላሠራት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አገርነሽ የተወለደችው ደንገሌ ጊዮርጊስ ነው። በመሸንቲ በኩል ወጥቶ ዱርቤቴ ላይ ወደ ጣና የሚገነጠለውን ኮረኮንች ይዞ ሲወርዱ የሚገኝ፣ ከጓሮው ደንገል የሚያጭድ መንደር። መንደሩን ከመኪና መንገዱ የሚለየው አጓት የሚባል ወንዝ ነው። በበጋ ልጆች ይዘሉታል፤ ክረምት ሲገባ ግን መልኩ እንደ ስሙ ይሆንና በሬ ይወስዳል። የደንገሌ ሰው በክረምት የታመመን «ወንዙ እስኪጎድል ቻለው» ይለዋል፤ የቻለ ይተርፋል።

የአገርነሽ አባት መምሬ ሀብተ ሥላሴ የዚያ ደብር ቄስ ናቸው። አገርነሽ ገና ተማሪ ሳለች ያቺ መኪና አዲስ ሆና፣ ነጭ ሆና፣ አጓት ዳር መጥታ፣ የፊት ፓራውልቷን ቋጥኝ ላይ አሰርጉዳ ቆመች። ከውስጧ የወረዱት ሰዎች ወንዙን ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ድልድይ እንሠራለን አሉ። «ሲሚንቶውን እኛ፣ ድንጋዩን እናንተ።» መምሬ አመኑ። ማመን ብቻ መች ሆነና፤ ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው፣ ጎጡን ሁሉ እየዞሩ ሰዉን ቀሰቀሱ። ክረምቱ ቀርቦ ነበርና ሥራው እንዳይጓተት፣ «ለድልድይ ድንጋይ መሸከም ጽድቅ ነው» ብለው በሚካኤል ቀን ሳይቀር አሠሩት። በዓል ከተሻረ በረዶ ይወርዳል ተብሎ በሚታመንበት አገር! ሰዉ እያመነታ፣ በመምሬ አፍ አምኖ ተሸከመ። ድንጋዩ ተራራ አከለ።

መኪናዋ አልተመለሰችም። የመጣው በረዶው ነው፤ መስከረም ላይ ወርዶ ጤፉን ከአፈር ደባለቀው።

መምሬን ፊት ለፊት የወቀሳቸው ሰው የለም። የጎዳቸውም እሱ ነው። በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙና መስቀላቸውን አንሥተው ገዘቱ፤ አጓት ላይ ድልድይ ሳይሠራ ያችን መኪና የነካ፣ የተሳፈረ የደብሩ ሰው ሁሉ የታሰረ ይሁን። ለራሳቸው ደግሞ ጨመሩ፤ እስከዚያው እኔ በማናቸውም መኪና አልቀመጥም አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ወዲህ መምሬ ባሕር ዳር የመጡት በእግራቸውና በበቅሏቸው ብቻ ነው። ለልጃቸው ሠርግ እንኳ በበቅሎ መጡ።

አገርነሽ ደግሞ ሽምብጥ አግብታ፣ ደብሯም ዕድሯም ሽምብጥ ሆኖ፣ ግዝቱ አይደርስባትም። ቢሆንም የአባቷን ቃል አልተዳፈረችም። ለጊዮርጊስ በየዓመቱ ስትወርድ መኪናዋን ከወንዙ ወዲህ ታቆማለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ትሻገራለች። አባቷ ከወዲያ ማዶ ቆመው ይጠብቋታል። እሷን ያያሉ፤ ከኋላዋ የቆመችውን ግን አንድም ቀን አይተው አያውቁም፤ ወይም ያላዩ ይመስላሉ።

ዘንድሮ ግን እሷንም ማየት ተሳናቸው። በጥምቀት ወንጌል ሲያነቡ ዲያቆኑ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ቢመለከት የተገለጠው ገጽ ሌላ፣ እሳቸው የሚያነቡት ሌላ ሆነበት። በቃላቸው ነበር የሚወጡት። ዲያቆኑ ለማንም አልተናገረም፤ ለአገርነሽ ብቻ ስልክ ደወለ።

አገርነሽ ጊዜ አላባከነችም። አንድ ሐኪም ነገሩን ከእሷ ሰምቶ የዓይን ሞራ ሳይሆን አይቀርም አላት። የዓይን ሐኪሞች ከዓረፋ ማግስት ጀምሮ ለጥቂት ቀን ባሕር ዳር ሊመጡ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም። ሞራው እየጠነከረ ከሄደም ነገሩ ይከብዳል። ለአባቷ ወረፋ አስያዘችና በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኗ ወረደች።

መምሬን ደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጉልበታቸውን ስማ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ሐኪሙ ሞራ ነው ብሏል። ይገፈፋል። ቀኑን ይዣለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። በበቅሎ እመጣለሁ።»

«አምና ከበቅሎ ወድቀው ትከሻዎን የተሰበሩትን ረሱት?»

«እሱማ ቅርንጫፍ መትቶኝ ነው።»

«ቅርንጫፉን ያላዩት ምን ሆነው ነው?»

መምሬ ጢማቸውን ዳበሱ።

«ጳጳሱ ዘንድ ሄጄ ላስፈታዎ» አለች አገርነሽ።

«በሕዝብ ፊት ያሰርሁትን በጓዳ አላስፈታም። የዚህ አገር ሰው በኔ ቃል አንድ ጊዜ ከስሯል፤ ዓይኔን ብዬ ሁለተኛ አላከስረውም።» ድምፃቸው አልተቆጣም፤ የደከመ ነበር። «ማንበብ ካቃተኝ በቃሌ የያዝሁት ይበቃኛል። መቀደሱን ለልጆቹ እለቃለሁ።»

አገርነሽ ልቧ ተሰበረ። አባቷ መቅደስ ሳይገቡ፣ ደጅ ቆመው ሲያስቀድሱ በዓይነ ሕሊናዋ ታዩአት። እንባዋን ግን አላሳየቻቸውም፤ ቢያዩትስ በምን ዓይናቸው።

«ድልድዩ ቢሠራስ?» አለች።

መምሬ ሳቁ። «ድልድዩ ቢሠራማ ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቼ እሄዳለሁ።»

«እንግዲያው ይጠብቁኝ።»

መሪውን ይዛ ስትመለስ ፈርታ ነበር። ፍርሃቷ ግን የቆየው እስከ ዱርቤቴ ነው። ከዚያ በኋላ የምታስበው ድልድዩን ማን እንደሚሠራ ነበር።

በእሑዱ የዕድር ስብሰባ ተነሥታ ቆመች። አገርነሽ ስትናገር ድምፅ ማጉያ አያስፈልጋትም፤ ሽመና ክፍል ያደገ ጉሮሮ ነው። «ከመካከላችሁ በድርጅቱ ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው እጁን ያውጣ» አለች።

እጅ አልወጣም። አንዲት ሴት ወደ ላይ ያነሣችውን እጅ ሻሿን አስተካከለችበትና መለሰችው።

«እናቱን ወይም ዕቃውን ያልጫንሁለትስ?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያይቶ ሳቀ።

«እንግዲህ እሷም አንድ ጉዳይ አላት» ብላ የአጓትን ነገር ከግዝቱ ጋር አስረዳች። የዕድሩ ዳኛ ቢያዝን የከተማ መንገድ ሥራ ላይ የኖረ ሰው ነው። የወንዙን ስፋት፣ የወለሉን ዓይነት ጠየቃት። ድንጋዩ ተከምሮ እንዳለ ሲሰማ ዓይኑ በራ። «ትልልቅ የሲሚንቶ ቱቦ ሦስት ደርድረን፣ ዙሪያውን በድንጋይ አስረን፣ ላዩን ብንሞላው፣ ሰው ካለ የአንድ ቀን ሥራ ነው» አለ። ዕድሩ ቱቦውን ሊያዋጣ ተስማማ። «ቀኑስ?» ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ፣ «እሑድ!» አለ። ሌላ መቼ ሊሉ ነበር? የቢሮ ሰው፣ የባንክ ሰው፣ የፋብሪካ ሰው ነው፤ ከእሑድ ሌላ ቀን የለውም።

መልእክቱ ደንገሌ ደርሶ መልሱ በዲያቆኑ ስልክ መጣ። የመምሬ ቃል አጭር ነበር። «የሰንበት ድንጋይ? የሚካኤሉን አንድ ጊዜ በልቼዋለሁ።»

«ቅዳሜስ?» አለ ምናሴ።

«ቅዳሜም ሰንበት ነው፣ አንተ አሕዛብ» አለችው ሚስቱ።

ከተማው የሚያርፍበት ቀን ሁሉ መንደሩ ሥራ የማይነካበት ቀን ሆነ። መንደሩ ሥራ የሚሠራበት ቀን ደግሞ ከተማው ፊርማ ላይ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ሊቀር ምንም አልቀረው። ያስታረቁት ጎረቤታቸው ሐጂ ሰይድ ናቸው። በአጥራቸው ላይ ብቅ ብለው የአገርነሽን ጭቅጭቅ ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «በኛ ዓረፋ መሥሪያ ቤት ሁሉ ዝግ ነው» አሉ። «እኔ እርድ አለብኝ። እናንተ ግን ሥራ ፈት ናችሁ። ለቱቦው ተጎታቼንም ከጓሮ ውሰዱ።»

መምሬ ዕለቱን ቆጠሩት። ሰንበት አይደለም፣ በዓልም አይውልበትም። «ይሁን» አሉ።

በዓረፋ ጠዋት ድርጅቱ አግዳሚዋን በሰው ሞልታ፣ ፖርቶ መጋላዋ ላይ አካፋና ዶማ ጭና፣ ቱቦ የተሸከመ ተጎታች ከኋላዋ አስከትላ መሸንቲን አለፈች። የመጀመሪያ ጉዞዋ ያህል አጓራች። አውራ ጎዳናው ላይ ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ ኮረኮንቹን ስትይዝ ግን አካሄዷ ተለወጠ፣ መሬቷን አገኘች። ከተማ ውስጥ መዞር የሚያቅታት ያቺ ግዙፍ ዱርቤቴን ወዲያ ካለፈች በኋላ መንገዱን እንደ ገዛ ግቢዋ ወረደችው። ከኋላ የተቀመጠው ምናሴ ጭንቅላቱ ጣሪያ እየነካ፣ «ያቺ የኤሌክትሪኳ እዚህ ብትሆን…» ብሎ ጀመረና ሳይጨርስ ተወው።

ከወዲያ ማዶ ደንገሌ ወጥታ ቆማለች። መሃል ላይ መምሬ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው። አጠገባቸው ያ የድሮ የድንጋይ ክምር ሣር በቅሎበት። መኪናዋ ስትቀርብ እናቶች ወደ ኋላ ሸሹ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ያቺን ድምፅ ያውቋታል።

ሥራው ገና ሲጀመር ክርክር ተነሣ። ቱቦውን ወደ ውሃው ለመሳብ አንዱ የገመድ ጫፍ መኪናዋ ላይ ይታሰራል፣ ሌላውን ጫፍ የደንገሌ ጎረምሶች ከወዲያ ይዘው አቅጣጫ ያስይዛሉ። ጎረምሶቹ ገመዱን ለመያዝ እጃቸውን ዘርግተው አቆሙ። አንዱ ዘወር ብሎ፣ «አባ፣ መኪናዋ ላይ የታሰረ ገመድ እንደ መኪናዋ ይቆጠራል?» ሲል ጠየቀ።

መምሬ ጥያቄውን በክብር አሰቡበት። ቢያዝን ሰዓቱን አየ።

«መሬት እየነካ ከሆነ ገመድ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ተወጥሮ አየር ላይ ከሆነ ልቀቁት።»

በዚህ ሕግ ተሠራ። ገመዱ ሲረግብ ይይዛሉ፣ ሲወጠር ይለቃሉ። ቢያዝን ዕድሜ ልኩን እንዲህ ያለ የሥራ ደንብ አይቶ አያውቅም፤ ሥራው ግን ሄደ። አንደኛው ቱቦ ገባ፣ ሁለተኛውም ተከተለ። ደንገሌዎች በሰልፍ ቆመው ከክምሩ ድንጋይ እየተቀባበሉ ከወዲያ ጠረዙት፣ የሽምብጥ ሰዎች ከወዲህ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ የባንክ ገንዘብ ያዡና የደንገሌ ገበሬ ውሃ ውስጥ ተገናኝተው ስለ ድንጋይ አቀማመጥ ይከራከሩ ነበር።

ሦስተኛውን ቱቦ ለማስገባት አገርነሽ መኪናዋን ወንዙ ውስጥ አወረደቻት። ቱቦው ቦታውን ሊይዝ ጥቂት ሲቀረው የኋላ ጎማዋ የነበረበት ወለል ከዳት። ሰመጠች። ፎር ዊሉን አስገብታ፣ በከባዱ ማርሽ ሞከረች። ጎማዎቹ ጭቃ ረጩ እንጂ መሬት አልያዙም። የሽምብጥ ሰዎች ተረባርበው ገፉ። ከጠዋት ጀምሮ ድንጋይ የተሸከመ የቢሮ ጉልበት ነው፤ አንድ ስንዝር አላነቃነቃትም።

ከዚያ የውሃው መልክ ተለወጠ። ጥርት ያለው ውሃ ወተት ጠብ እንዳለበት ደፈረሰ። ላይኛው አገር ዘንቧል ማለት ነው። የአጓትን ልማድ የሚያውቅ ሁሉ ዓይኑን ሽቅብ ወረወረ። ቱቦው ሳይታሰር ደራሹ ጎርፍ ከመጣ የተሠራውን ጠራርጎ፣ መኪናዋንም ጨምሮ ይወስዳል። መምሬም ዓይናቸውም እዚያው ቀሩ ማለት ነው።

ከወዲያ የቆሙት ደንገሌዎች ብዙ ናቸው፣ ጉልበትም አላቸው። እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ምናሴ፣ «ኧረ እባካችሁ!» ሲል ጮኸ። አንድም ሰው አልተነቃነቀም። ክፋት አልነበረም፤ ታስረው ነው። አገርነሽ መሪውን ጨብጣ ተቀምጣለች።

«ምን ሆነ?» ሲሉ መምሬ ጠየቁ።

«መኪናዋ ተቀረቀረች፣ አባ» አላቸው ዲያቆኑ። «ውሃውም እየደፈረሰ ነው።»

«ድልድዩስ?»

«ትንሽ ይቀረዋል።»

መምሬ መቋሚያቸውን ለዲያቆኑ ሰጡት። የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ቁልቁል ወረዱ፤ አንድ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ በእግራቸው ድንጋዩን እየፈለጉ፣ ውሃው ጉልበታቸው ድረስ ገቡ። አገርነሽ በስፔኪዮ አየቻቸው። ሞተሩ የሚጮህበትን አቅጣጫ ይዘው መጡና መዳፋቸው የኋላ በሩ ላይ አረፈ።

«ድልድዩ አላለቀም» አሉ ሁሉ እንዲሰማ። «ግዝቱም አልተፈታም። የገዘትሁት እኔ ነኝ፤ የምጥሰውም እኔ ልሁን። ያኔ ከፊት ወንበሯ ተቀምጬ ሰዉን አስለፋሁት። ዛሬ ከኋላዋ ሆኜ ልግፋ።» ወደ ሕዝባቸው ዞር አሉ። «እናንተ ባላችሁበት ቁሙ። የታሰረ አንድ ሰው ይበቃል።»

ትከሻቸውን ሰጡ፤ ያንኑ አምና የተሰበረውን። ብቻቸውን ገፉ። አገርነሽ እንባዋ እየወረደ ነበር፤ እግሯን ግን ከፍሪሲዮኑ አላነሣችም።

መጀመሪያ ውሃ ውስጥ የገቡት እማማ እናትዓለም ናቸው። ያን ዓመት በረዶው ጤፋቸውን አንድ ፍሬ ሳያስቀር የበላባቸው ሴት። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እየገቡ፣ «መምሬ ታስረው እኛ ተፈተን ማን ሊቀድስልን ነው?» አሉ። «ከታሰርን አብረን እንታሰር።» መኪናዋን በሁለት እጃቸው ያዟት። ከኋላቸው ደንገሌ ሁሉ ወረደች። ጎረምሳው፣ ዲያቆኑ፣ ሴቱ፣ ሽማግሌው፤ መኪናዋ መያዣ እስኪጠፋ ድረስ ከበቧት።

«ልጄ፣» አሉ መምሬ፣ «አሁን።»

አገርነሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀች። ድርጅቱ አቃሰተች፣ ዘመም አለች፣ ከዚያ አራቱም ጎማዋ መሬት ነክሶ ወጣች። ቱቦውም ከኋላዋ ተጎትቶ ገብቶ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ገመድ የጠየቀ የለም። ደራሹ ሲደርስ የመጨረሻው ድንጋይ ተጠርዞ ነበር፤ ውሃው በሦስቱ ቱቦ ውስጥ እያጉረመረመ አለፈ። ያ ለዓመታት ለመምሬ ውርደት ሆኖ የቆመው ክምር አለቀ፤ የነበረበት ቦታ ነጭ ሣር ብቻ ቀረ።

መምሬ ድልድዩን በእግራቸው ፈተሹት። በመቋሚያቸው እየመቱ ሄዱ፣ ተመለሱ። ከዚያ መሃሉ ላይ ቆሙና የእጅ መስቀላቸውን አንሥተው ሕዝቡን ፈቱ። «እግዚአብሔር ይፍታ» ሲሉ ደንገሌ «አሜን» አለች፤ ሽምብጥም አሜን አለ። አገርነሽ በርጩማውን አወጣች። መምሬ ፖርቶ መጋላውን ማሩት፤ የፊቱንም ወንበር፣ «እሱ ይቅርብኝ» ብለው ከኋላ አግዳሚው ላይ ከቢያዝን አጠገብ ተቀመጡ። እስከ ባሕር ዳር ድረስ ዳዊት ደገሙ።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተጠናቀቀ። ፋሻው በሚነሣበት ጠዋት ምናሴ ባልዲና ጨርቅ ይዞ መኪናዋን ሊያጥብ ተነሥቶ ነበር። አገርነሽ፣ «ሰዓት የለም፣ ግባ» ብላ አስቆመችው። የአጓት ጭቃ እስከ መስኮቷ ደርቆባታል፤ ከሥሩ የዓመታት ከሰል፣ የሽንኩርት ቅርፊት፣ የልጆች የጣት አሻራ አለ።

መምሬ በልጃቸው ክንድ ተይዘው ከሐኪም ቤቱ ደጅ ወጡ። ቆሙ። ዘንባባውን ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ባጃጁን አዩ፣ የአገርነሽን ፊት አዩና፣ «ሸበትሽ» አሏት። ከዚያ ወደ መንገዱ ተመለከቱ።

«መኪናዋ የታለች?»

«ይቺው ናት፣ አባባ። ፊትዎ ያለችው።»

መምሬ ቀረቡ። በሩን አዩት፤ የፊደሎቹን ጥላ በጣታቸው ተከተሉት። ጭቃውን፣ ስርጉዱን፣ አግዳሚው ሥር የተረሳውን የልጅ ጫማ አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይደለችም» አሉ። «ያቺ ነጭ ነበረች።»

ይህን ብለው በርጩማውን ሳይጠብቁ የፊት በሩን ከፈቱና ገብተው ተቀመጡ።